ስለ አደራ መዝገብና ስለ ኢንተርኔት

በቀድሞው ዘመን ደብዳቤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር የሚያደርስ መልእክተኛ ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ፣ ላየው ሰው ሁሉ ግልጽ አድርጎ ይዞት ይሄድ ነበር። መንገደኛው የደብዳቤውን መኖር ያያል፤ በውስጡ ያለውን ቃል ግን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ ወረቀቱ ታጥፎ ታትሟልና። የሰውን ማኅተም ቆርሶ ማንበብ የሰውን ቤት ሰብሮ እንደ መግባት የሚያስነውር ሥራ ነበር። ይህም ልማድ ውሎ አድሮ ወደ ሕግ ገብቷል። በሐምሌ ወር 1923 ዓ. ም. የታወጀው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ ሕግ በሚፈቅደው ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ በደብዳቤ የሚደረገውን ምሥጢር ማንም እንዳይደፍር ከለከለ። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጽ ይህንኑ መብት በፖስታ ከሚላከው ደብዳቤ አሳልፎ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እስከሚደረገው ግንኙነት ድረስ አስፍቶ ደነገገ።

ሕጉ እንዲህ የጸና ሲሆን፣ የዛሬው ሰው ምሥጢሩን የሚያጣው ማኅተም በሚቆርስ ጠላት እጅ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የሚበዛውን በገዛ እጁ አውጥቶ ይሰጠዋል። ኢንተርኔት ሰውን ከሰው፣ መሥሪያ ቤትን ከመሥሪያ ቤት የሚያገናኝ፣ ገንዘብን ከጎንደር ሞያሌ በቅጽበት የሚያደርስ፣ በሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠውን የብራና መጽሐፍ ለተመራማሪው በጠረጴዛው ላይ የሚገልጥለት ታላቅ ረዳት እንደ ሆነ የሚክድ የለም። ነገር ግን ይህ መልእክተኛ ከቀድሞው መልእክተኛ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ያለፈበትን መንገድ ሁሉ ቅጂ እያስቀረ መሄዱ ነው። ወረቀት ሲቀደድ ይጠፋል። በኢንተርኔት የተላከ ጽሕፈትና ፎቶግራፍ ግን በላኪው ስልክ፣ በተቀባዩ ስልክ፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ በመካከል ሆኖ በሚያስተላልፈው ኩባንያ ማከማቻ ይቀመጣል። ላኪው ከራሱ ስልክ ቢደመስሰው፣ ከሌላው ዘንድ ለመደምሰሱ ዋስ የሚሆንለት የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የተባለው ለምላስ ነበር፤ ዛሬ ለጣትም የሚነገር ሆኗል።

«የምደብቀው ክፉ ሥራ የለኝም፤ ስሜንና ቍጥሬን ማንም ቢያውቀው ምን ይጎዳኛል» የሚሉ ብዙዎች አሉ። ይህ የቅን ሰው አነጋገር ነው፤ ሆኖም ነገሩን በሚገባ ካለመመርመር የመጣ ነው። ሰው የቤቱን በር የሚቈልፈው በቤቱ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ ስላከማቸ አይደለም። ስምና የአባት ስም፣ የልደት ቀን፣ የመታወቂያ ቍጥር፣ የስልክ ቍጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቍጥር፣ የሚኖሩበት ሰፈር፣ የሕመም ታሪክ፣ የጣት አሻራ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቍልፍ ጥርሶች ናቸው። አንዱ ጥርስ ብቻውን በር አይከፍትም፤ ሦስቱና አራቱ በአንድ እጅ ሲገቡ ግን ባለቤቱን መስሎ ለመበደር፣ ባለቤቱን መስሎ ለመፈረም፣ ባለቤቱን መስሎ ዘመዶቹን ለማታለል ይበቃሉ።

ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ. ም. ሥራውን ከጀመረ፣ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ አገልግሎት ካስፋፉ ወዲህ፣ የስልክ ቍጥር እንደ ገንዘብ ከረጢት ሆኗል። ሌባም የገበያውን መንገድ ተከትሎ ወደ ስልክ መጥቷል። የሚሠራበትም ብልሃት እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ በራሱ ስልክ ላይ የቴሌግራምን ወይም የሌላ አገልግሎት መግቢያ ይከፍትና የሌላውን ሰው የስልክ ቍጥር ይጽፋል። አገልግሎቱም የሚገባው ሰው እውነተኛው ባለቤት መሆኑን ለማረጋገጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ፣ አምስት ወይም ስድስት አሃዝ ያለው ቍጥር ወደ ባለቤቱ ስልክ ይልካል። እስከዚህ ድረስ ሌባው ያገኘው ነገር የለም። የቀረው ሥራ በንግግር የሚፈጸም ነው። ይደውላል፤ ለሽማግሌው «አባታችን»፣ ለጎልማሳው «ጋሼ» እያለ በትሕትና ይናገራል፤ ከባንክ ወይም ከቴሌ እንደሚደውል አስመስሎ «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» ካለ በኋላ፣ «አሁን በስልክዎ የገባውን ቍጥር ያንብቡልኝ» ብሎ ይለምናል። ባለቤቱ ቍጥሩን ባነበበለት ቅጽበት በሩን ከፍቶለታል።

ከዚያ በኋላ ሌባው በባለቤቱ ስምና ፎቶግራፍ ሆኖ ለወዳጅ ለዘመዱ ሁሉ «ድንገት ቸግሮኛል፤ እስከ ነገ ይህን ያህል ብር ላክልኝ» እያለ ይጽፋል። በአሜሪካና በአውሮፓ፣ በዐረብ አገርም በጕልበታቸው የሚያድሩ ዘመዶች የወንድማቸውን ስምና መልክ ሲያዩ አይጠራጠሩም፤ የወር ደመወዛቸውን ቆርሰው ይልካሉ። እንግዲህ አንዱ ሰው በቸልታ ያነበበው ቍጥር የሚጎዳው እርሱን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የዚህ መድኃኒቱ ብዙ ትምህርት የሚጠይቅ አይደለም። ያን ቍጥር የላከው ራሱ አገልግሎቱ ነው፤ የላከውን የሚያውቅ ተመልሶ ደንበኛውን «ምን ብዬ ላክሁ» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ቍጥሩን የሚጠይቅ ሰው፣ ድምፁ ምንም ያህል የለሰለሰ ቢሆን፣ ሌባ መሆኑ በዚሁ ታወቀ። ሁለተኛም በቴሌግራምና በዋትሳፕ ማስተካከያ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል መዝጊያ አለ። ይህን የከፈተ ሰው ምናልባት ተታሎ ቍጥሩን ቢያነብ እንኳ፣ ሌባው ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ሌላ የይለፍ ቃል ይጠየቃልና በደጅ ይቀራል። ገንዘብ ላክ የሚል ጽሕፈት ከዘመድ የደረሰው ሰው ደግሞ ከመላኩ በፊት በሚያውቀው የስልክ ቍጥር ይደውል። የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር የኮምፒውተር ብልሃት በመጣበት በዛሬው ዘመን ድምፅ መስማት ብቻውን አይበቃምና፣ በሁለቱ መካከል ብቻ የሚታወቅ የቤተ ሰብ ነገር ጠይቆ ማረጋገጥ መልካም ነው።

ስለ ምሥጢር ቍጥርም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አራት አሃዝ ያለው የምሥጢር ቍጥር ከዜሮ አራት ጊዜ እስከ ዘጠኝ አራት ጊዜ ሲቈጠር 10,000 ዓይነት ይሆናል። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ባለቤቱ የልደት ዓመቱን ምሥጢር ቍጥር ያደረገ እንደ ሆነ፣ በ1940 እና በ2000 ዓ. ም. መካከል የተወለደውን ሁሉ ብንቈጥር ምርጫው ከ10,000 ወደ 60 ያህል ይወርዳል፤ የባለቤቱን ዕድሜ በዓይኑ የሚገምት ሰው ደግሞ ከዐሥር በማይበልጥ ግምት ሊያገኘው ይችላል። ለኮምፒውተርና ለኢሜል የሚሆነውን የይለፍ ቃል በሚመለከት፣ የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያና የቴክኖሎጂ ተቋም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ፣ ቃሉን በየጊዜው ያለ ምክንያት ከማስለወጥና ምልክት ከማብዛት ይልቅ ርዝመቱን መጠበቅ እንደሚሻል አስታውቋል። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላት ተጋጥመው ሲጻፉ ለባለቤቱ ለማስታወስ ቀላል፣ ለሌባ ግን ከባድ ይሆናሉ። የቤተ ክህነት ሰዎች ግን የዳዊትን መነሻ ወይም ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ጸሎት የይለፍ ቃል ከማድረግ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቃል ምሥጢር ሊባል አይችልም። አንዱን ቃል ለባንክም ለኢሜልም ለፌስቡክም ማድረግ፣ በወረቀት ጽፎ በቤት ሣጥን ቈልፎ ከማስቀመጥ እጅግ የከፋ ነው።

በዚሁ አንቀጽ ሳይታለፍ ሊነገር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ብዙ የውጭ አገር አገልግሎቶች የይለፍ ቃሉን የረሳውን ሰው «የእናትህ የቀድሞ ስም ማን ነው» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ዛሬም የሚጠይቁ አሉ። ይህ ጥያቄ የተፈጠረው ሴት ስታገባ የቤተ ሰብ ስሟን በምትለውጥበት አገር፣ የፊተኛው ስሟ እየተረሳ ስለሚሄድ ነው። በአገራችን ግን ሚስት የአባቷን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች፤ የእናትን ስምም ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እውነተኛውን መልስ መስጠት ቍልፉን በደጃፍ ምንጣፍ ሥር እንደ ማኖር ነው፤ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ቃል መልሶ ያን ቃል ማስታወስ ይሻላል። ይህን ማድረግ ሐሰት መናገር አይባልም፤ መልሱ የይለፍ ቃል እንጂ ምስክርነት አይደለምና።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ይኸውም ማንም ምሥጢር ነው የማይለው ጥቂት ጥቂቱ ነገር ሲገጣጠም ምሥጢር የሚያወጣ መሆኑ ነው። ለምሳሌ አንድ አባት የልጁን የክርስትና በዓል ፎቶግራፍ በዕለቱ በፌስቡክ ያወጣል። ደስታውን ማካፈሉ ነው፤ የልደቱን ቀን ግን አልጻፈም። ሆኖም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን እንዲጠመቁ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከፎቶግራፉ ቀን ላይ ይህን ቀን የቀነሰ ሰው የሕፃኑን የልደት ቀን አወቀ። ከፎቶግራፉ በታች አያቱ በአባት ስሟ ተጠርታ እንኳን ደስ አላችሁ ተብላለች። ደብሩ ከበስተ ኋላ ይታያል። ልጁ ገና መናገር ሳይጀምር ስሙ፣ የልደት ቀኑ፣ የአያቱ ስምና ሰፈሩ በዓለም ፊት ተጽፏል፤ ይህም ጽሕፈት ባለቤቱ አድጎ ባንክ እስኪገባ ድረስ ሊቈየው ይችላል።

ስሙ ካልተጻፈ ምን ይጎዳል የሚል ባለ ሥልጣን ቢኖር፣ ይህ ነገር በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር አስቀድሞ የተፈተነ ነው። በዚያ የሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመንግሥት ሠራተኞችን የሕክምና መዝገብ ስማቸውንና አድራሻቸውን ፍቆ ለተመራማሪዎች እንዲሰጥ አደረገ። የክፍለ ሀገሩ ገዢ ዊልያም ዌልድም የሠራተኞቹ ምሥጢር የተጠበቀ መሆኑን ለሕዝቡ አረጋገጡ። በመዝገቡ ላይ የቀረው የልደት ቀን፣ ወንድነትና ሴትነት፣ እንዲሁም ባለ አምስት አሃዙ የፖስታ ሰፈር ቍጥር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ. ም. ገደማ በኤም አይ ቲ ትማር የነበረችው ላታንያ ስዊኒ፣ ገዢው የሚኖሩበትን የኬምብሪጅን ከተማ የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች። በመራጮቹ መዝገብ ከገዢው ጋር በአንድ ቀን የተወለዱ ስድስት ሰዎች ብቻ ተገኙ፤ ከስድስቱ ሦስቱ ወንዶች ነበሩ፤ ከሦስቱም በዚያ የፖስታ ሰፈር የሚኖሩት ገዢው ብቻቸውን ሆኑ። እንዲህም ሆኖ የሕክምና መዝገባቸው ተለይቶ ታወቀ። እርሷም በ2000 ባወጣችው ስሌት ከአሜሪካ ሕዝብ 87 ከመቶ የሚሆነው በእነዚሁ በሦስቱ ነገሮች ብቻ ሊለይ እንደሚችል ገለጸች። በ2006 የተደረገው ሌላ ስሌት ይህን ቍጥር ወደ 63 ከመቶ ዝቅ አድርጎታል፤ ዝቅ ያለውም ቢሆን ከእኩሌታው በላይ ነው።

ይህ ታሪክ በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ዝርዝር ለሚይዝ ጸሓፊ የተነገረ ያህል ነው። ስም መፋቅ ሰውን አይሰውርም። ቀበሌው፣ የልደት ቀኑ፣ የልጆቹ ቍጥርና የሕመሙ ዓይነት በአንድ ሠንጠረዥ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ወዲያው ይናገራል።

የመሥሪያ ቤቶች ነገር ከተነሣ ዘንድ በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል፤ የጥፋቱ ትልቁ በር በዚህ በኩል ነውና። ባለ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በመጣ ጊዜ መታወቂያውን እንዲያሳይ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ጸሓፊው መታወቂያውን በገዛ ስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣና ሠላሳና አርባ ሠራተኛ ወዳለበት የቴሌግራም ቡድን ይልከዋል፤ ወይም ባለ ጉዳዩ ራሱ ወደ ጸሓፊው ስልክ እንዲልክ ይታዘዛል። ሥራው ይፋጠናል፤ ባለ ጉዳዩም ስላልተመላለሰ ያመሰግናል። ይሁን እንጂ ያ ፎቶግራፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠላሳ ስልክ ይገኛል። ከሠላሳዎቹ አንዱ ስልኩን ለልጁ መጫወቻ ይሰጣል፤ አንዱ ይሸጠዋል፤ አንዱ ለጠጋኝ ከነመክፈቻ ቍጥሩ ያስረክበዋል፤ አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ሳለ ከቡድኑ አልወጣም። መንግሥት በብረት ሣጥን ያኖረው መዝገብ በኪስ ውስጥ ሲዞር ይውላል።

ቴሌግራምን በሚመለከት ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የተለመደው የቴሌግራም ንግግርና የቡድን መልእክት ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ የተቈለፈ አይደለም፤ በመንገዱ ከሌባ ዓይን ቢጠበቅም በኩባንያው ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቈለፈው ሁለት ሰዎች ለይተው የሚከፍቱት ምሥጢራዊ ንግግር የሚባለው ብቻ ነው። ዋትሳፕ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ ንግግሩን ሁሉ በዚህ ዓይነት ይቈልፋል። ሆኖም የትኛውም ቍልፍ ቢሆን የሚጠብቀው በመንገድ ላይ ያለውን መልእክት ነው እንጂ በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ያረፈውን አይደለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ የራሱ የሆነ፣ ማን እንዳየው የሚመዘግብ ማከማቻ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ እስኪገኝ ድረስ እንኳ መታወቂያውን አይቶ፣ የሚያስፈልገውን ቍጥር በመዝገብ ጽፎ መመለስ ይቻላል። ማየት ሌላ፣ ማስቀረት ሌላ ነው።

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችም በዚሁ የሚታዩ ናቸው። የሥራ ፈላጊው የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት ክስ፣ የሐኪም ወረቀት በአንድ ኮምፒውተር ገጽ ላይ ተዘርግቶ፣ ቀጥሎ የገባው ደንበኛ ሁሉ ሲያነበው ይውላል። ባለ ጉዳዩ የታተመለትን ወረቀት ይዞ ከመሄዱ በፊት ፋይሉን እንዲያጠፉለት፣ ከቍሻሻ መጣያውም ውስጥ እንዲያስወግዱት ቢጠይቅ፣ ኢሜሉንም ከፍቶ እንደ ሆነ ዘግቶ ቢወጣ የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት ነው። የማስታወቂያ ዝርዝር በኢንተርኔት የሚያወጡ ክፍሎችም እንዲሁ ያስቡ። ዕድል የደረሰውን ወይም ለፈተና የተጠራውን ሰው ለማሳወቅ ስምና የምዝገባ ቍጥር ከበቃ፣ የስልክ ቍጥሩን መጨመር ለሌባ የደንበኛ ዝርዝር ማዘጋጀት ይሆናል።

ካህናትም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። የሰበካ ጉባኤው መዝገብ የምእመናንን ስም፣ ስልክ፣ መኖሪያና የሚከፍሉትን አስተዋፅዖ ይይዛል፤ ይህም መዝገብ ዛሬ በብዙ ደብር ከወረቀት ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል። ማን ስንት እንደሰጠ፣ ማን እንዳልሰጠ በቡድን መልእክት ማውጣት ትጋትን ያነሣሣል የሚሉ አሉ፤ የድኻውን ድኽነት በአደባባይ መግለጥ መሆኑንም ሊያስቡበት ይገባል። ከዚህ የሚከብደው ግን የንስሐ ነገር ነው። የንስሐ አባት የሰማውን ኃጢአት ለማንም እንዳይገልጥ ሥርዐት ያስረዋል። ዛሬ ከአባታቸው ርቀው በባዕድ አገር የሚኖሩ የንስሐ ልጆች ኃጢአታቸውን በስልክ ድምፅ ቀድተው ወይም ጽፈው ይልካሉ። አባት ምላሳቸውን ይጠብቃሉ፤ ስልካቸው ግን የሰማውን ሁሉ እንደ ያዘ ተቀምጧል፤ መልእክት ለማስከፈት የሚረዳቸው ዲያቆንም ስልኩን በየጊዜው ይይዘዋል። እንግዲህ በርቀት መናገር ግድ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሳይቀዱ በቀጥታ መነጋገር ይሻላል፤ በጽሕፈት የመጣም ካለ በላኪውም በተቀባዩም ዘንድ ወዲያው ይደምሰስ።

የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሹም ከመጠበቁ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ «ይህን መጠየቅ ለምን አስፈለገኝ» የሚለው ነው። የሆላንድ መንግሥት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጥንቃቄው የሚመሰገን የሕዝብ መዝገብ ነበረው፤ በመዝገቡም የእያንዳንዱ ሰው ሃይማኖት ተጽፎ ይገኝ ነበር። ጻፊዎቹ ክፉ አላሰቡም። ናዚዎች አገሪቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 ዓ. ም. በያዙ ጊዜ ግን ያ መዝገብ አይሁድን ለይቶ ለመያዝ አገለገለ፤ በሆላንድ ከነበሩት አይሁድ ከአራቱ እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ተገደሉ። አርበኞቹ ይህን ተረድተው መጋቢት 27 ቀን 1943 የአምስተርዳምን የሕዝብ መዝገብ ቤት በእሳት አጋዩት፤ ለማቃጠል የቻሉት ግን ጥቂቱን ነበር፤ ከተያዙትም ዐሥራ ሁለቱ ተረሽነዋል። ያልተጻፈ ነገር አይሰረቅም፤ አይቃጠልም፤ ለክፉ ሹምም አይተላለፍም።

ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ የሰውን ብሔርና ሃይማኖት አለመጠየቁ የሚያስመሰግን ነው። የሚይዘው ግን ቀላል አይደለም፤ ከስም፣ ከልደት ቀንና ከአድራሻ ጋር የፊት ፎቶግራፍ፣ የዐሥሩም ጣቶች አሻራና የሁለቱም ዓይኖች ምልክት ይሰበሰባል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ በሌላ ይለወጣል፤ ጣትና ዓይን ግን አይለወጡም። ስለዚህ ባለ መታወቂያው ዐሥራ ሁለት አሃዝ ያለውን ቍጥሩን ለጠየቀው ሁሉ ማደል፣ የካርዱንም ፎቶግራፍ «ደረሰኝ» ብሎ በደስታ በኢንተርኔት ማውጣት አይገባውም። ጠያቂውም መሥሪያ ቤት ቢሆን ቍጥሩ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ በተዘጋጀው መንገድ አረጋግጦ መተው ሲቻለው፣ ቅጂውን በየመሳቢያውና በየስልኩ ማከማቸቱ ራሱን ላልተፈለገ ዕዳ ማጋለጥ ነው።

ዕዳ የተባለውም እንዲያው በንግግር አይደለም። በ2016 ዓ. ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበስብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይጠይቅ፣ ባለቤቱ ስለ ራሱ የተያዘውን የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት እንዲኖረው አዝዟል፤ አፈጻጸሙንም እንዲቈጣጠር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለ ሥልጣንን ሾሟል። በአዋጁ ውስጥ ሹማምንት ለይተው ሊያነቡት የሚገባው፣ መረጃ በጠፋ ወይም ባልተፈቀደለት ሰው እጅ በገባ ጊዜ፣ የያዘው መሥሪያ ቤት ነገሩን ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለ ሥልጣኑ እንዲያስታውቅ የሚያስገድደው ቃል ነው። ቈጠራው በሰዓት ነው እንጂ በሥራ ቀን አይደለም። ዓርብ ማታ ስልኩ የጠፋበት ጸሓፊ ያን ጊዜውኑ ለአለቃው ያስታወቀ እንደ ሆነ፣ ሰዓቱ ሰኞ ማታ ይሞላል።

በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ጸሓፊው ቅጣት ፈርቶ ዝም ይላል፤ ስልኩ ይገኝ ይሆናል እያለ ቅዳሜንና እሑድን ያሳልፋል። ስለዚህ አለቃው አስቀድሞ ለሠራተኞቹ ሊያስታውቃቸው የሚገባው፣ መጥፋቱን ፈጥኖ የተናገረ ከደበቀው እንደሚለይ ነው። ስልክ በጠፋ ጊዜ በመጀመሪያው ሰዓት ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ተደውሎ ሲም ካርዱ ይዘጋል፤ ከዚያም ከሌላ መሣሪያ ወደ ቴሌግራምና ወደ ኢሜል ተገብቶ፣ በጠፋው ስልክ ላይ የተከፈተው ሁሉ እንዲወጣ ይደረጋል፤ የይለፍ ቃሎቹ ይለወጣሉ፤ ባንኩም እንዲያውቀው ይደረጋል። ቀጥሎ ጸሓፊው ከአለቃው ጋር ተቀምጦ በስልኩ ውስጥ የነማን መታወቂያና ወረቀት እንደ ነበረ አስታውሶ ይጽፋል፤ በስማቸው ብድር ወይም ሌላ ነገር ሊጠየቅ እንደሚችል እንዲጠነቀቁ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ስልክ ለእያንዳንዳቸው ይደወልላቸዋል።